ማርሹ ሳይገባ ሞተር ተቀየረ አይባልም

በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ)፣ በአርሲ ነጌሌ፣ በኩየራም ሆነ በሻሸመኔ ያገለገለ መኪና ሊገዛ የወጣ ነጋዴ ከደላላው አፍ ቶሎ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «ሞተሯ ተቀይሯል» የሚለው ነው። ቃሉ የሚነገረው ዋጋ ለመጨመር ነው። ገዢውም ይህን ሲሰማ ልቡ ይረጋል፤ ኮፋኖው ተከፍቶ የታጠበ ሞተር ሲያይ ደግሞ እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። መኪናውን ተረክቦ መንገድ ሲወጣ ግን አንደኛ ማርሽ እምቢ ይላል፣ የኋላ ማርሽ ይጮኻል፣ ወይም ሦስተኛው ዳገት መሐል ላይ ዘሎ ይወጣል። አቤት ሲል የሚያገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ትንሽ የማርሽ ነገር ናት፣ ትስተካከላለች።»

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ከሞተር ቅያሪ በኋላ የሚመጣ የማርሽ ችግር በእርግጥም ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ካምቢዮ የሚያስጥልም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ዋጋ መቆረጥ የለበትም። የሞተር ቅያሪ ሥራ የሚያልቀው ሞተሩ ሲነሣ ሳይሆን መኪናው ጭነት ይዞ በሁሉም ማርሽ ሲሄድ ነው። ውሉም ክፍያውም በዚሁ ልክ ሊሆን ይገባል።

ሞተር ቅያሪ ለምን አዋጭ ሆነ?

እንደሚታወቀው በአገራችን መኪና አርጅቷል ተብሎ የሚጣል ዕቃ አይደለም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ሞተራቸው መጠን እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ተደምረው አሮጌ መኪና የያዘውን ሰው ሽጦ ሌላ ከመግዛት ይልቅ የያዘውን እንዲያስታምም አድርገውታል። ቦዲው ደህና ሆኖ ሞተሩ የደከመ ሃያስ ወይም አይሱዙ ያለው ነጋዴ ከዱባይና ከሻርጃ የመጣ ያገለገለ ሞተር ይፈልጋል። ስሙ ለዓመታት ከመለዋወጫ ጋር ሲነሣ ከኖረው የመርካቶው ሶማሌ ተራ፣ ወይም ከአዳማ ነጋዴዎች ገዝቶ ጭኖ ይመጣል። ይህን ማድረጉ ስሕተት አይደለም። እንዲያውም በወቅቱ ገበያ ከብዙ አማራጮች የተሻለው ነው። ጉድለቱ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። ብዙው ሰው የሚያሰላው የሞተሩን ዋጋና የማውረጃ የመስቀያውን የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። በሞተሩና በማርሹ መካከል ያለው ነገር ሁሉ ከሒሳቡ ውጪ ይቀራል።

በመካከል ያለው ምንድነው?

ሞተር ብቻውን መኪና አይነዳም። ኃይሉ ከቮላኖው ወደ ፍሪሲዮን፣ ከፍሪሲዮን ወደ ካምቢዮ፣ ከካምቢዮ በካርዳን አድርጎ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ይሄዳል። ሞተር ሲቀየር የዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያው ቀለበት ተነሥቶ ሌላ ይገባል ማለት ነው። አዲሱ ቀለበት በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ካዘነበለ ችግሩ የሚገለጠው ሞተሩ ላይ ሳይሆን ሾፌሩ እጅ ላይ፣ ማለትም ማርሹ ላይ ነው።

በተለይ በእኛ መስመር ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱት ሃያስና አይሱዙ ለዚህ ችግር የተጋለጡ ናቸው። በእነዚህ መኪኖች ሾፌሩ የሚቀመጠው ከካምቢዮው ፊት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ የማርሹ ዘንግ ካምቢዮው አናት ላይ በቀጥታ አልተተከለም፤ በኬብል ወይም በረጃጅም ዘንጎች አማካይነት ከሩቅ ይያያዛል። ዘንጉ ያለው ቦዲው ላይ፣ ካምቢዮው ያለው ከሞተሩ ጋር ነው። ሞተሩ ቦታውን ሲለውጥ ካምቢዮው ይከተለዋል፣ ዘንጉ ግን ባለበት ይቀራል። የኬብሉ ልክ የሚዛባው ያኔ ነው።

የቶዮታን የናፍጣ ሞተሮች እንውሰድ። ቱ ኤል 2,446 ሲሲ፣ ስሪ ኤል 2,779 ሲሲ፣ ፋይቭ ኤል 2,986 ሲሲ ናቸው፤ ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ስለሆኑ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት በብዙ አገር የተለመደ ነው። ሻጩ «ይገጥማል» ሲል አልዋሸም። ይሁንና ከሃይለክስ የወጣ ስሪ ኤልና ለሃያስ የተሠራ ስሪ ኤል የሞተር መቀመጫቸውና የዘይት ቋታቸው አንድ ላይሆን ይችላል። መቀመጫው ሲለያይ ተበይዶ ይስተካከላል። ብየዳው ልኩን ከሳተ ሞተሩ ይሠራል፣ ማርሹ ግን ያለቅሳል። «ይገጥማል» እና «ተስማምቶ ይሠራል» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ገዢ ሊያውቅ ይገባል።

ሩብ ሰዓት የማይፈጁ ሙከራዎች

መካኒክ ያልሆነ ነጋዴም ቢሆን ችግሩ ትንሽ ይሁን ትልቅ በግምት ሊለይ ይችላል። የሚያስፈልገው ትዕግሥትና ባዶ ሜዳ ነው።

አንደኛ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ማርሾቹን በሙሉ ማስገባትና ማውጣት ነው። ጠፍቶ እያለ በቀላሉ የሚገባ ማርሽ ሞተሩ ሲነሣ እምቢ ካለ ተጠርጣሪው ፍሪሲዮን ነው፤ እግር ሲረገጥ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም ማለት ነው። ለማረጋገጥ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ፍሪሲዮን ረግጦ አምስት ሰከንድ ያህል መጠበቅና የኋላ ማርሽ ማስገባት ነው። ከጥበቃው በኋላም ከጮኸ የካምቢዮው ውስጥ አሁንም እየዞረ ነው። ምክንያቱ ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ በፍሪሲዮን መስመር ውስጥ የቀረ አየር ወይም ልኩ ያልተስተካከለ ፔዳል። ውድም ሊሆን ይችላል፤ ለሌላ ቮላኖ የተሠራ ዲስክ፣ ተገልብጦ የተገጠመ ዲስክ፣ ወይም በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ትንሽ ኩሽኔታ መንከስ። ይህ ኩሽኔታ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም እሱን ለመቀየር ካምቢዮው ዳግም መውረድ አለበት። አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ማርሹ ከከበደ ወይም አንዱ ማርሽ ጨርሶ ካልተገኘ ፍሪሲዮኑን ትቶ ወደ ኬብሉና ወደ ዘንጎቹ መሄድ ነው። ያለቀ ጎሚኒ፣ የታጠፈ ማያያዣ፣ ከልኩ የረዘመ ወይም ያጠረ ኬብል ይገኛል። ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው። ከመኪናው ሥር በመግባት ብቻ የሚታይና የሚስተካከል ስለሆነ «ትንሽ የማርሽ ነገር» የሚለው ቃል በትክክል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ መኪናውን ዳገት ላይ እየነዱ ቤንዚን ወይም ናፍጣ መስጫውን ድንገት መልቀቅና መልሶ መርገጥ ነው። ማርሹ በራሱ ዘሎ ከወጣ፣ ወይም ዘንጉ ወዲያና ወዲህ ከተወራጨ ጉዳዩ ከበድ ይላል። የሞተሩ መቀመጫ ጎማዎች ደክመው ሞተሩ እየተወዛወዘ ሊሆን ይችላል፤ ኬብሉ አጥሮ ማርሹ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ቀርቶም ሊሆን ይችላል። የሚያስፈራው ሦስተኛው ምክንያት ነው። ሞተርና ካምቢዮ ሲጋጠሙ አቅጣጫ የሚያስይዙ ትንንሽ ፒኖች አሉ። በጥድፊያ ሥራ እነዚህ ፒኖች ከአሮጌው ሞተር ጋር ተረስተው ይቀራሉ። ያለ እነርሱ ቡሎኖቹ ቢጠብቁም ሁለቱ አካላት ቀጥ ብለው አይገጥሙም፤ የካምቢዮው ዘንግ እየተንገዳገደ ይዞራል፣ ኩሽኔታውንና ጥርሱን ቀን በቀን ይበላል። ዛሬ ዘሎ የሚወጣ ማርሽ ነገ የማይገባ ይሆናል።

ከዚህም ሌላ የካምቢዮ ዘይት አለ። ጂ ኤል 4 የሚፈልግ ካምቢዮ ላይ ለዲፈረንሻል የታሰበውን ጂ ኤል 5 መጨመር በጋራዥ የሚዘወተር ስሕተት ነው። በአንዳንዱ ጂ ኤል 5 ውስጥ ያለው ጠንካራ ቅመም ማርሽን የሚያለሰልሱትን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። ውጤቱ ወዲያው አይታይም፤ ከወራት በኋላ ግን ከሁለተኛ ወደ አንደኛ መመለስ ጭንቅ ይሆናል። ያኔ ሻጩም መካኒኩም የሉም።

የኩየራው ነጋዴ ሒሳብ

በአድቬንቲስት ኮሌጅዋ ስሟ የሚነሣው ኩየራ በአርሲ ነጌሌና በሻሸመኔ መካከል፣ በድንችና በእህል አገር ላይ ያለች ከተማ ናት። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የድንች ነጋዴ የአይሱዙውን ሞተር ቀየረ እንበል። ካምቢዮው የድሮው ነው። ዲስኩ «ገና ነው» ተብሎ ተመልሶ ተገጠመ። ለመቀመጫ ጎማዎቹ ገንዘብ አልተመደበም። መኪናው ባዶውን ሲሞከር ደህና ነው። ጭነት ይዞ ወደ አዳማ ሲነሣ ግን ማርሽ መንከስ ይጀምራል።

ነጋዴው የሚከስረው የመካኒክ ዋጋ ብቻ አይደለም። የቆመው መኪና የቀን ገቢ አለ፤ የሾፌርና የረዳት አበል አለ፤ ለሌላ መኪና የሚከፈል ኪራይና የዕቃ ማዛወሪያ አለ፤ ከሁሉ በላይ ድንች ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሸቀጥ አይደለም፤ ገበያውም ነገ በዛሬው ዋጋ አይቆይም። እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ የሚደምር ነጋዴ በዲስክና በጎማ ላይ ያተረፋት ገንዘብ የት እንደገባች ያያል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከገንዘቡ በላይ የሆነም አለ። ከኮፈሌ ወደ ሻሸመኔ፣ ከአሰላ በኢተያና በዴራ አድርጎ ወደ አዳማ የሚወርደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ጭነት የያዘ መኪና በቁልቁለት የሚያዘው በፍሬን ብቻ ሳይሆን በማርሽም ነው። ማርሹ መሐል ላይ ዘሎ ከወጣ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ያቆማል፤ የቀረው ሸክም ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑም ይግላል። ሚኒባስ ከሆነ ደግሞ ከሾፌሩ ኋላ የሰው ነፍስ ተቀምጧል። «ትንሽ የማርሽ ነገር» የምትለው ቃል እዚህ ላይ ስትደርስ ትርጉሟ ይለወጣል።

ጥፋቱ የማን ነው?

ብዙውን ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በመካኒኩ ላይ ነው። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። የእኛ መካኒኮች መለዋወጫ በሌለበት ቶርኖ ቤት እየተመላለሱ፣ ያልነበረውን እየቀረጹ መኪና የሚያስነሡ ባለሙያዎች ናቸው። ባለመኪናው ባዶ ሞተር ያለ መቀመጫው፣ ያለ ፍሪሲዮኑ አምጥቶ «ለነገ አድርሱልኝ» ሲል መካኒኩ ምን ያድርግ? በሌላ በኩል መካኒኩም ቢሆን የሚጎድለውን እያወቀ «እንሞክረዋለን» ብሎ መጀመር የለበትም። ሞተር ሻጩ «ሞተሩ ደህና ነው» ይላል፣ መካኒኩ «ካምቢዮው ድሮም አርጅቶ ነበር» ይላል፣ ባለቤቱ በሁለቱ መካከል ይቆማል። ሦስቱም ከፊል እውነት ስለያዙ ክርክሩ መጨረሻ የለውም።

ክርክሩን የሚያስቀረው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚጻፍ አንድ ገጽ ውል ነው። ውሉ አራት ነገር ቢይዝ ይበቃል። አንደኛ፣ አሮጌው ሞተር ከመውረዱ በፊት ባለቤቱና መካኒኩ አብረው መኪናውን ነድተው የማርሹን ሁኔታ ይመዝግቡ፤ ሞተሩ የማይነሣ ከሆነ ይኸው ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ባዶውን ነው የመጣው ወይስ ከነካምቢዮው? ዲስኩን፣ የመቀመጫ ጎማውን፣ ኬብሉን የሚያቀርበው ማነው? ሦስተኛ፣ የእጅ ዋጋው የመጨረሻ ክፍያ የሚፈጸመው መኪናው ጭነት ይዞ አንድ ጊዜ ደርሶ መልስ ከሄደ በኋላ ይሁን፤ ለኩየራ ሰው የአዳማ መንገድ ጥሩ መለኪያ ነው። አራተኛ፣ የገባው ሞተር ቁጥር በውሉ ላይ ይስፈር።

ሞተር ከነካምቢዮው መግዛት ለብዙዎች የተሻለ ምርጫ መሆኑን መጥቀስ ይገባል። አብረው የኖሩ ስለሆኑ ፍሪሲዮናቸውም ፒናቸውም አብሮ ይመጣል። ሆኖም ይህም ቢሆን ከሒሳብ ነፃ አያወጣም፤ የካርዳኑ ርዝመት፣ የኬብሉ ማያያዣና የካምቢዮው መቀመጫ ከመኪናው ጋር መስማማታቸው አስቀድሞ መታየት አለበት።

ለደላላና ለገዢ

ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ሞተር ሲቀየር ሊብሬው መስተካከል አለበት፤ ለዚህም ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ የተገዛና የገባ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል። «ሞተሯ ተቀይሯል» ብሎ ዋጋ የሚጨምር ደላላ በዚያው አፉ «ሊብሬውም ተስተካክሏል» ማለት ካልቻለ የጨመረው ዋጋ ሳይሆን ዕዳ ነው። ቁጥሩ ያልተስተካከለ መኪና በምርመራ ጊዜም ሆነ በሽያጭ ውል ጊዜ ይቆማል፤ ማርሹ ቢገባም አይሄድም ማለት ነው።

ሕጉም ለገዢው ፊቱን አላዞረም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። በአንጻሩ ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ማርሹ እየጮኸ ሁለት ወር ነድቶ «ተታለልኩ» ማለት አያዋጣም። «ትንሽ የማርሽ ነገር አለባት» የሚለውን ሰምቶ ዝም ብሎ የፈረመም ጉድለቱን አውቆ እንደገዛ ሊቆጠርበት ይችላል። እንግዲያው ያች «ትንሽ» ምን እንደሆነች በጽሑፍ ትገለጽ፤ ማን እንደሚያስተካክላት፣ በማን ወጪ እንደሆነም አብሮ ይጻፍ።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ ወረቀት ሥራ ያዘገያል፣ የእጅ ዋጋም ያስጨምራል ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጥሩ መካኒክ ኃላፊነቱን በጽሑፍ ሲወስድ ዋጋውን ይጨምራል። መጨመርም አለበት። ዛሬ ርካሽ የሚመስለው ዋጋ ርካሽ የሆነው ግማሹ ሥራ ስላልተቆጠረ ነው። ያልተቆጠረውን ግማሽ የሚከፍለው ደግሞ መኪናውን በመጨረሻ እጁ ላይ ያገኘው ሰው ነው። ዋጋው ሙሉ ሆኖ ሲነገር ሥራውን የሚያውቀው መካኒክ ከማያውቀው ይለያል፤ እውነተኛው ደላላም ደንበኛ ያበዛል።

የነዳጅ መኪና እንደ ልብ በማይገባበት በአሁኑ ጊዜ በእጃችን ያሉት ሃያሶችና አይሱዙዎች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ ሞተራቸውም አንዴ ሳይሆን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይቀየር ይሆናል። ስለዚህ ገዢው ኮፋኖ ከማስከፈቱ በፊት መሪ ይጨብጥ፤ ማርሾቹን አንድ በአንድ ይቁጠር። ዋጋው ከዚያ በኋላ ይነገር።